ቋጠሮው አይቆረጥ

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ።
ስሜ በፕሮግራሙ ማብቂያ፣ ከስፖንሰሩ ቀድሞ፣
እንደ ዓይን ጥቅሻ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ፤
ማይኩን በረዥም ዘንግ ተሸክሜ
ከምስሉ ጠርዝ ውጭ የምቆም፤
ጥላዬ ከገባ የምሰደብ፣ ካልገባ የማልታወቅ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣
«የጓዳችን ድንቅ» እንላለን፤
የክልላችንን ታሪክ፣ ያልታየውን ጸጋ፣
ከጓዳ አውጥተን አደባባይ እናሰጣለን።
ሰባት ዓመት አሰጣን።
የደሴቶቹን ብራና፣ ዛሬም ያልደረቀ የሚመስል ቀይ ቀለሙን፣
ቁጥቋጦ የዋጠውን ድልድይ፣
ጢስ ዓባይን ከነጉሙ፣ በድሮን፣ ከላይ ከሰማይ፤
(እኔ ድሮን አልወድም።
ከላይ ሲያዩት ጣና ድምፅ የለውም።)

ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ ወደ ደንገሉ ወረድን፤
ስመኝ ከነጥያቄዋ፣ ይበልጣል ከነካሜራው፣ እኔ ከነዘንጌ።
አያ ኑርዬ ታንኳ ይሠራሉ፤
ነዶውን በጉልበታቸው ተጭነው፣ ልጡን በጥርሳቸው ነክሰው።
ስመኝ ፈገግ አለች፣ እንደ ልማዷ፦
«ይህን ተደብቆ የኖረ ጥበብ ለተመልካቾቻችን ቢያብራሩልን?»

ልጡን ከጥርሳቸው አላቀቁ።
«ከማን ነው የተደበቀው፣ ልጄ?
አባቴ እዚሁ ነበር። እኔም እዚሁ ነኝ።
ሆቴሉ ሲሠራ እንጨቱን በታንኳ ያሻገርኩ እኔ፣
አስፋልቱ ሲመጣ ወደ ውኃው ፈቀቅ ያልኩ እኔ።
እኔስ አልተደበቅሁም፤
የሚያየኝ ነው የጠፋው።»

ይበልጣል ካሜራውን አወረደ፤ ባትሪ አለቀ አለ።
እኔ መቅጃዬን አላጠፋሁም።
በጆሮዬ፦
ልጡ ሲጠብቅ የሚያሰማው ሲጢጥታ፤
እሳቸው ሲስቡ፣ «እህ»፤
ከደንገሉ ጀርባ የጉማሬ ማንኮራፋት፤
ከሩቅ፣ ቱሪስት የጫነ የጀልባ ሞተር።
አርባ አንድ ደቂቃ።

ስቱዲዮ ገብተን ቆረጥን።
ጥያቄያቸውን ቆረጥን፣ ሰዓት አይበቃም ተብሎ፤
ዝምታቸውን ቆረጥን፣ ዝምታ ተመልካች ያባርራል ተብሎ።
ደንገል ሲታጨድ አሳየን፣
ታንኳ ሲንሳፈፍ አሳየን፣
መሀሉን በክራር ሞላነው።

ቅዳሜ ማታ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድኩ።
ከሱቅ በረንዳ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ ቴሌቪዥን፤
ልጆቹ ከፊት፣ መሬት ላይ፤
አያ ኑርዬ ወንበር ተለቆላቸው፣ መሀል።
ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ።
መብራት ጠፋ።
(ከታች ፏፏቴው ተርባይን ያዞራል፤
የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።)
ማንም አልተነሣም። ባለሱቁ ጄነሬተሩን እየተሳደበ አስነሣው፤
ፕሮግራሙ ግማሽ ላይ ደርሶ ፊታቸው መጣ።
«አያ! አያ!» ልጆቹ ጮኹ።
እሳቸው ዝም።
ደንገል ታጨደ። ክራር ተመታ። ታንኳ ተንሳፈፈ።
ስሜ ብልጭ ብሎ አለፈ፤ ማንም አላነበበው።

«እንዴት አዩት፣ አያ?»
ጺማቸውን እያሻሹ ቆዩ።
«አማረ» አሉ። «እጅግ አማረ።
ግን ያ ታንኳ ይሰጥማል።»
«ለምን?»
«ቋጠሮው የታለ?
ነዶ አየሁ፣ ታንኳ አየሁ፤ ያሰረው ማን ነው?
እነዚህ ልጆች ነገ እንዳሳያችኋቸው ቢሠሩ
መሀል ሐይቅ ላይ ይፈታባቸዋል።»
ከዚያ ስለ ዓሣ ዋጋ አወሩኝ።

ሰኞ ማለዳ፣ ማንም ሳይመጣ፣ መዝገብ ክፍል ገባሁ።
ሄድፎኔን አጠለቅሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤
አርባ አንዱንም ደቂቃ ሰማሁ፦
ልጡ ሲጢጥ፣
እህ፣
ልጡ ሲጢጥ፣
እህ፣
የቆረጥነው ሁሉ ተራ በተራ ሲቋጠር።
ከዲስኩ ጀርባ፣ በወፍራም ማርከር፣ በማያምር እጄ ጻፍኩ፦
«ኑርዬ። ቋጠሮ።
አይቆረጥ።»